ጋቢው ምን አጠፋ?

የያዙኝ ደብረ ማርቆስ፣ ባዮሎጂ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት በር ላይ ነው። የጠመኔው ብናኝ ከጣቴ ሳይለቅ እስር ቤት ገባሁ። ለአራት ሰው እንኳ በማትበቃ፣ እርጥብ ጆንያ ጆንያ በምትሸት ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር አሥራ አንድ ሆንን። ከሉማሜ ገጠር የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ጠጋ አሉና አጠገባቸው ቦታ ሰጡኝ።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ የአማኑኤል ከተማ ባለሱቅ ታመመ። ትኩሳቱና ሳሉ ሲበረታ አንዱ እስረኛ የእግዜር ቁጣ ነው አለ፤ ወደ ሽንት ባልዲው ጥግ ገፉት። ሰውየውም ምንጣፉን ጠቅልሎ ሄደ።

አዛውንቱ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ መምህር፣ ይህ በሽታ በምን ይገባል?»

እንዲህ ያለውን ሳል ብዙ ጊዜ የሚያመጣው ቫይረስ የሚባል ረቂቅ ተሕዋስ ላዩ ላይ ከፕሮቲን የተሠሩ ጥቃቅን እሾሆች እንዳሉት ነገርኋቸው። የሰውነታችን ሴሎችም ለራሳቸው ሥራ የሚጠቀሙባቸው ተቀባዮች በላያቸው ላይ አሏቸው። እሾሁ ቅርጹ የሚገጥመውን ተቀባይ ካገኘ ይይዛል፤ ከያዘም ይገባል። ካላገኘ ምንም አያደርግም።

አዛውንቱ ከጋቢያቸው ጠርዝ፣ ከማሳቸው አብሯቸው የመጣ ጭጎጎት ነቀሉ። የውኃ ጀሪካኑ ላይ አስጠጉት፤ ወደቀ። ጋቢው ላይ መለሱት፤ ያዘ።

«እንዲህ ነው?»

«እንዲያው ነው፣ አባባ።»

«ታዲያ ጋቢው ምን አጠፋ?»

አዛውንቱ ተነሥተው ባለሱቁን ደግፈው መስኮቱ ሥር አስተኙት። አፍና አፍንጫችንን በልብሳችን እየሸፈንን በየተራ ውኃ አጠጣነው። ቁጣ ነው ያለው ሰው ከሁላችን ቀድሞ ሊያጠጣው ተነሣ።

በማግስቱ ጠዋት ጠባቂው ለቆጠራ ሲጠራን አዛውንቱ ከተቀመጡበት አልተነሡም። ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ልጄ፣ ይህን ሰው ሐኪም ሳያየው አንወጣም» አሉት። ሌሎቻችንም ተቀመጥን። ጠባቂው ቆሞ አየንና ሄደ። እኩለ ቀን ሳይሆን ባለሱቁን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዱት።

ከስቶ፣ ግን ድኖ ተመለሰ። ሰውነት ሲያገግም የእሾሁን ጫፍ የሚሸፍን መከላከያ እንደሚሠራ ለአዛውንቱ ስነግራቸው፣ «ጎሽ» አሉ፣ የገዛ ልጃቸውን እንደሚያመሰግኑ።

ከተፈታን በኋላ እቤታቸው ሄጄ ጠየቅኋቸው። እጄን ይዘው ባለቤታቸው ፊት አቆሙኝና፣ «ይኸ አስተማሪዬ ነው» አሉ። ባለቤታቸው ልጅነቴን አይተው ሳቁ። እርሳቸው ግን አልሳቁም።

ከዚያ በፊትም በኋላም ብዙ ሰው መምህር ብሎኛል። እንደዚያ ቀን ግን ስሙ ከብዶኝም፣ ደስ ብሎኝም አያውቅም።