ያለ ፈቃድ የተበሳው በር

አቶ ወልደ ጊዮርጊስን አቦከር ሰፈር ውስጥ በስማቸው የሚጠራቸው ሰው ጥቂት ነው። ለሌላው ሁሉ «አባ ድፈነው» ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የማዘጋጃ ቤት የግንባታ ተቆጣጣሪ ነበሩ። ጀጎል ውስጥ ያለ ፈቃድ ግንብ በስቶ በር ወይም መስኮት ያወጣ ሁሉ ከዘራቸውን ያውቃታል። ቀዳዳው ላይ ይቀስሯትና «ድፈነው!» ይላሉ፤ ልመና የለ፣ ልምምጥ የለ። ዛሬም ጊደር መጋላ ገበያ ለሽንኩርት ወጥተው አዲስ መስኮት ካዩ፣ ቆመው ሳይቆጡ አያልፉም።

ጾሙ ሊገባ ሲል ከጓደኛቸው ከአቶ ኒቆዲሞስ ጋር ለሰርግ ወደ ኤረር ቆላ ወረዱ። በልተው፣ ጠጥተው፣ ሙሽሮቹን መርቀው ተመለሱ። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ ሁለቱንም ብርድ ብርድ አላቸው። ተመረመሩ፤ ወባ ነው ተባሉና ኪኒን ተሰጣቸው።

የአባ ድፈነው ልጅ መቅደስ ላቦራቶሪ ውስጥ የወባን ነገር ታጠናለች። አባቷ ግን «የትንኝ ተማሪ» ነው የሚሏት፤ ሐኪም ትሆናለች ብለው ነበርና ንዴቱ እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም። ጧት ልትጠይቃቸው ስትመጣ በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልለው ይንቀጠቀጣሉ።

«ኪኒኑን እየዋጡ ነው አባባ?»

«እንዴታ! ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ በጠበል። የጧቱንም የማታውንም አንድ ላይ እውጠዋለሁ፤ ጾሜን አላስነካም። ኒቆዲሞስንም ያስተማርኩት እኔ ነኝ» አሉ በኩራት።

መቅደስ ክው አለች። መድኃኒቱ ጧትና ማታ፣ ያውም ከምግብ ጋር መወሰድ እንዳለበት ብትነግራቸው ፊታቸውን አዞሩ። ከአባቷ ጋር በሕክምና መከራከር እንደማያዋጣ ታውቃለችና በግንብ መጣችባቸው።

«አባባ፣ ቀይ የደም ሴልን ቤት ነው ይበሉ። ዙሪያው ግንብ ነው፤ የራሱ ትናንሽ በሮች አሉት። የወባው ተውሳክ ሰርጎ ይገባና ውስጡ ይደበቃል። ቤት ያፈራው አይበቃውም፤ ስለዚህ ግንቡን በስቶ የራሱን በር ያወጣል። እኛ አዮን ቻናል እንለዋለን። ምግቡን በዚያ ያስገባል፣ ቆሻሻውን በዚያ ይደፋል።»

አባ ድፈነው ከብርድ ልብሱ ብቅ አሉ።

«በሰው ቤት?»

«በሰው ቤት።»

«ያለ ፈቃድ?»

«ማንን ይጠይቃል ብለው ነው!»

«ታዲያ ለምን አትደፍኑትም?»

«እኔ የማጠናው እሱኑ ነው። የሚደፍነው መድኃኒት ገና አልተገኘም።»

ሽማግሌው ልጃቸውን እንደ አዲስ አዩዋት። «ይህን ሁሉ ዘመን በር ልትደፍኚ ስትለፊ ኖረሽ አትነግሪኝም?»

«ይሄ ኪኒን በሩን አይደፍንም፤ ሰርጎ ገቡን ነው የሚገድለው። በሰዓቱ ካልዋጡት፣ ቅባት ያለው ምግብም ካላገኘ ግን ወደ ደም በደንብ አይገባም። እርስዎ እስከ ዘጠኝ ሲጾሙ፣ እሱ በዚያ በር እያስገባ ሲበላ ይውላል።»

ይህቺ አንገበገበቻቸው። «ቅቤ ግን አልቀምስም!»

«ማን ቅቤ አለ? የባቢሌ ለውዝ የጾም ነው። የሚሽሩት ሰዓቱን ብቻ ነው። እንደሚጾሙ ገምቼ ትናንት የነፍስ አባትዎን ጠይቄያቸው ፈቅደዋል።»

«ፈቃድ ካለውማ ሌላ ነገር ነው» አሉና ይዛ ከመጣችው ለውዝ አንድ እፍኝ ዘገኑ። ማላመጥ እንደጀመሩ ግን አፋቸው ቀጥ አለ።

«ኒቆዲሞስስ?»

አባ ድፈነው ፈሩ። ወባው ያላስፈራቸውን ያህል ፈሩ። ለውዙን በኪሳቸው ጨምረው፣ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው፣ ጎረቤት ወዳለው የአቶ ኒቆዲሞስ ቤት ሄዱ። አቶ ኒቆዲሞስ ላብ አጥምቋቸው ተኝተዋል። መቅደስ ግንባራቸውን ነካ አድርጋ ባጃጅ ልትጠራ ሮጠች።

«ወልዴ» አሉ አቶ ኒቆዲሞስ ዓይናቸውን ገልጠው፣ «ዘጠኝ ሰዓት ደረሰ እንዴ?»

«አልደረሰም። ግን ብላ።» አባ ድፈነው ለውዙን ከኪሳቸው አወጡ። «ያስተማርኩህ ስህተት ነው። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት።»

አቶ ኒቆዲሞስ ደንግጠው ከትራሳቸው ቀና አሉ። ከልጅነት ጀምሮ ሲተዋወቁ ይህን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሰምተው አያውቁም።

«ወልዴ፣ ልሞት ነው እንዴ?»

«አትሞትም!» አሉ አባ ድፈነው፣ እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ። «አፍህን ክፈት!»