የቀጭኑ ሰው ኮሌስትሮል

ሸዋ ሮቢት ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ሥራ የጀመርኩት መስከረም ላይ፣ ወባ በበረታበት ሰሞን ነው። የመጀመሪያው ቀን የተረከብኩት አንድ ማይክሮስኮፕ፣ አንድ ጠርሙስ የወባ ተሕዋስ የሚያሳይ የጊምሳ ቀለምና እስከ አጥሩ ድረስ የተሰለፈ ሕመምተኛ ነበር። እስከ ምሳ ሰዓት የጣት ደም ስላይድ ላይ ስቀባ፣ ሳደርቅና ቀለም ውስጥ ስነክር ቆየሁ። አንዲት እናት ልጇ ምን እንደተገኘበት ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

የላብራቶሪው ኃላፊ ጋሼ ታደሰ ይህን ሰምተው ወደ ውስጥ ጠሩኝ። የእኛ ሥራ ውጤቱን ጽፎ መስጠት እንደሆነ፣ ስለ ውጤቱ የሚናገረው ሐኪሙ ብቻ እንደሆነ በእርጋታ አስረዱኝ። ደንቡን ተቀበልኩ። ሃያ ዓመት አከበርኩት። ዛሬ ሳስበው ደሜን የሚያፈላው ይኸው ማክበሬ ነው።

በኋላ እዚያው ከተማ ወዳለ አንድ የግል ክሊኒክ ገባሁ። ስሙን አልጽፍም። ኬሚስትሪ ማሽን ስለነበረው ስኳርም፣ ኩላሊትም፣ ኮሌስትሮልም እንሠራ ነበር። የክሊኒኩ ኃላፊ ጤና መኮንን ነው። ከተማው ሁሉ ዶክተር ይለዋል፤ እሱም አያርምም። ኮሌስትሮል የወፍራም ሰው በሽታ ነው ብሎ ያምን ነበር። ቦርጭ ያለው ሲመጣ ሳይጠየቅ ምርመራውን ያዝለታል፤ ቀጭን ሰው መርምሩኝ ካለ ይስቅበታል።

በሰይድ ላይ የሳቀውም እንዲሁ ነው። ሰይድ የጀውሃ የማሾ ነጋዴ ነበር፤ አርባ ሁለት ዓመቱ፣ ረጅም፣ ሥጋ የሌለው ሰው። ጆንያ ሲያነሳ ደረቱን ጫን ይለዋል፤ ሲያርፍ ይተወዋል። ኃላፊው ጨጓራ ነው አለው። ሰይድ ግን ኮሌስትሮልም ይታይልኝ ብሎ ድርቅ ስላለ እየሳቀ ወደ እኔ ላከው።

ደም ልቀዳ ክንዱን በላስቲክ ሳስር፣ ክርኑ ላይ ቢጫማ ጠጣር እብጠቶች አየሁ። ቀና ስል የዓይኑ ቆብ ላይም ቢጫ ነጠብጣብ አለ። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ጠየቅኩት። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ እንዳለ፣ ታላቅ ወንድሙም እንዲሁ እንደነበረው ነገረኝ።

«ወንድምህ አሁን የት ነው?» አልኩት።

«ሞተ። ሹፌር ነበር። ደብረ ሲና ላይ መኪናውን አቁሞ ሲወርድ ወደቀ። አባታችንም ማሽላ ሲያጭድ እንዲሁ ነው የሄደው። ሁለቱም ሃምሳ አልሞላቸውም። የአላህ ቀደር ነው» አለኝ። ሲጋራም እንደሚያጨስ ጨመረልኝ።

ደሙን በሴንትሪፊዩጅ አዙሬ፣ ከላይ የቀረውን ፈሳሽ፣ ሴረሙን፣ ለይቼ ማሽኑ ላይ አስገባሁ። ክፉው የሚባለው ኮሌስትሮል፣ የደም ሥር ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው፣ ከሚገባው ከእጥፍ በላይ ሆኖ ወጣ። ማሽኑን ተጠራጥሬ ውጤቱ አስቀድሞ የሚታወቅ መቆጣጠሪያ ናሙና አስገባሁ፤ ልክ ነው። የሰይድን ደገምኩት፤ ያው ነው።

ወረቀቱን ይዤ ራሴ ወደ ኃላፊው ክፍል ሄድኩ። ስለ እብጠቱ፣ ስለ አባቱና ስለ ወንድሙ ነገርኩት። ወረቀቱን እንኳ አልተቀበለኝም።

«አንቺ ደም ቅጂ። ሕክምናውን ለእኔ ተዪው» አለኝ።

ወረቀቱን በር ላይ ለሚጠብቀው ለሰይድ ሰጥቼ ወደ ክፍሌ ተመለስኩ። ኃላፊው የጨጓራ መድኃኒት ጻፈለትና ቅቤ እንዲቀንስ ነግሮ ሸኘው። ሰይድ ሲወጣ በእኔ መስኮት በኩል መጣ። ወረቀቱን ዘርግቶ «ሲስተር፣ ይህ ቁጥር ደህና ነው?» አለኝ። እዚህ ነጭ ጋዋን የለበሰች ሴት ሁሉ ሲስተር ናት።

«ዶክተሩ አይቶልህ የለም?» አልኩት።

ወረቀቱን አጥፎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተና ሄደ። እንዲህ ያለው ሰው ደረቱ ሲጫነው ልቡ ደም እያነሰው እንደሆነ አውቅ ነበር። አውቄ ነው ወደ ሌላ ሰው የመራሁት።

በሦስተኛው ወር ሰይድ ማሾ ሲያስጭን ደረቱን ይዞ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ጓደኞቹ መኪና ላይ ጭነው ወደ ደብረ ብርሃን ሲያሮጡት፣ ጣርማ በር ሳይደርሱ አለፈ።

ለቅሶው ካለፈ በኋላ እህቱ ዘይነባ ክሊኒክ መጣች። ወረቀቱን ከኪሱ አግኝታዋለች። መስኮቴ ላይ አኖረችው።

«ይህን የጻፍሽው አንቺ ነሽ?»

«አዎ።»

«ስትጽፊው አደገኛ መሆኑን ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ምን ብለሽ ዝም አልሽ?»

ደንቡን ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ግን አፈርኩበት። ክንዷን እንድታሳየኝ ጠየቅኳት። እጅጌዋን ስትሰበስብ ያው እብጠት ክርኗ ላይ አለ።

ደሟን ቀዳሁ፤ የእሷም ውጤት እንደ ወንድሟ ነበር። ሁለቱን ወረቀት ይዤ አብረን ወደ ኃላፊው ገባን። ድምፄ ኮሪደር ላይ የተቀመጡት ሁሉ የሚሰሙት ነበር። ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ሪፈር ካልጻፈላት ራሴ ይዣት እንደምሄድ፣ ሰይድ ምን ተብሎ እንደተሸኘም ለሚጠይቀኝ ሁሉ እንደምናገር ነገርኩት። ጻፈ። በማግስቱ ከሙያ ድንበሬ አልፌያለሁ የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሰጠኝ። ስለ ሰይድ ግን አንድም ቃል አልጻፈም፣ አንድም ቃል አልተናገረም። ብዙ ሳልቆይ ለቀቅኩ።

ዘይነባ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል መድኃኒት ተጀመረላት። መጀመሪያ ተከራክራኝ ነበር። ቅቤ የማትቀምስ፣ ቀኑን ሙሉ በእግሯ የምትዞር ሴት እንዴት ኮሌስትሮል ይይዛታል አለች። የሚበላው እንደሚጨምረው፣ ብዙውን ግን ጉበት ራሱ እንደሚሠራው፣ በእነሱ ቤት ደግሞ ጉበቱ ከደም አጽድቶ የማያወጣው በዘር እንደሆነ አስረዳኋት። የሰይድን ሁለት ሴት ልጆችም አመጣቻቸው። አንዷ ላይ ተገኘ፤ እሷም ክትትል ላይ ናት። ዘይነባ ዛሬም ጀውሃ ላይ የወንድሟን ሥራ ይዛ ትነግዳለች።

ኃላፊው አሁንም እዚያው ነው። አሁንም ዶክተር ይባላል።

ለአዳዲስ የላብራቶሪ ሠራተኞች የምለው ይህን ነው። ኮሌስትሮል መልክ አይመርጥም። ቁጥሩም ብቻውን የሰውን አደጋ አይናገርም፤ ዕድሜው፣ ግፊቱ፣ ስኳሩና ሲጋራው አብረው ይቆጠራሉ። ደም ስትቀዱ ከቤተሰቡ በጎልማሳነቱ በድንገት የሞተ ሰው እንዳለ ጠይቁ። ያገኛችሁትን ለሐኪሙ ንገሩ። ሐኪሙ አልሰማ ካለ ለሕመምተኛው ንገሩት፤ ልቡ የእሱ ነው።