የኔታ ያስያዙኝ ጾም

የቅጥር ማስታወቂያውን ሳነበው የሁለት ሰው ሥራ ይመስል ነበር። ኮምፒውተርም ላቦራቶሪም የሚችል፣ በደም ካንሰር ላይ የሚመራመር ሰው ይፈለጋል ይላል። የሁለት ሰው ሥራ መሆኑን ያረጋገጥኩት ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። ጠዋት ጓንት አጥልቄ ከሕሙማን ደም ዘረመል አወጣለሁ፤ ከሰዓት ጓንቱን አውልቄ ያንኑ ዘረመል በኮምፒውተር አነባለሁ። ሁለቱም ጠረጴዛዎች መስኮት በሌላት አንዲት ክፍል ውስጥ ስለሆኑ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመሻገር ወንበሬን ማዞር ይበቃኛል።

በዚያ ዓመት ከጎንደር መውጣት ጭንቅ ነበር። መንገዱ ተከፈተ ሲባል ይዘጋል፤ ኢንተርኔቱም እንደዚያው። ለሥልጠና ልሄድ ሁለት ጊዜ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ሁለት ጊዜ መልሼ ፈታሁት። መብራት በጠፋ ቁጥር ፍሪዘር ውስጥ ያለው ደም እንዳይበላሽ ጄኔሬተር የማስነሳው እኔ ነኝና፣ ቁስቋም ካለው ቤታችን አልፌ ዘመድ ጥየቃ እንኳ መሄድ አልችልም ነበር። ታፍኜ ነበር። ይህን ለሰው ስናገር «ሥራ አለሽ፣ ምን ጎደለሽ?» ይሉኛል። ይህ ጥያቄ ደግሞ የባሰ ያፍነኛል።

ከሕሙማኔ አንዱ የኔታ ነበሩ። በሰፈራችን ቅኔ ያስተምራሉ፤ ቄሱ አባቴም የተማረው ከእሳቸው ነው። ሕመማቸው በክኒን ተይዞ የሚኖር ዓይነት የደም ካንሰር ነው። ክኒኑ ጠዋትና ማታ ከምግብ ጋር ይዋጣል፣ ያውም ዕድሜ ልክ። እኔ በየሁለት ሦስት ወሩ ደማቸውን መርምሬ በሽታው ምን ያህል እንደቀረ በቁጥር አወጣለሁ። ክኒኑ ከሠራ ቁጥሩ ይወርዳል። የሳቸው ግን ይወርድና እንደገና ይወጣል።

በጥር ወር ቁጥሩ እንደገና ሲወጣ ሐኪማቸው ቆረጠ። «በሽታው ክኒኑን ለምዶታል» አለኝ። «ሌላው መድኃኒት ያለው አዲስ አበባ ነው፤ እዚያው ተቀምጠው መከታተል አለባቸው። አንቺ የተለወጠውን ዘረመል ፈልጊና ልላካቸው።» የኔታ ይህን ሲሰሙ «ተማሪዎቼን በትኜ?» አሉ። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ መንገድ ከሄዱ እንደማይመለሱ ሁላችንም ገብቶናል።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ፈለግኩ። ምንም የተለወጠ ነገር የለም። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ጠረጠርኩ፣ ከዚያ የገዛ እጄን ጠረጠርኩ፣ ደሙን እንደገና አውጥቼ እንደገና መረመርኩ። ያው ነው።

ሪፖርቱን በማስረክብበት ዋዜማ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ከፍሪዘሩ አልፎ ለኮምፒውተር አይበቃምና በእጄ ልጽፈው የየኔታን ካርድ አወጣሁ። ካርዱ ላይ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ስለሆነ፣ በተቀጠርኩ ሰሞን ቀኖቹን ሁሉ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር፤ ኮርቼበትም ነበር። አሁን ከካርዱ እያየሁ ገለበጥኩ። ሚያዝያ መጀመሪያ፣ ከፍ። ሰኔ መጀመሪያ፣ ዝቅ። ነሐሴ መጨረሻ፣ ከፍ። ጥቅምት፣ ዝቅ። ጥር፣ ከፍ። «ከፍ» ካልኩት ሁሉ ጎን የጾሙን ስም ጻፍኩ።

ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ ጾመ ነቢያት። ቁጥሩ ከሁሉ የወረደው ደግሞ ከፋሲካ በኋላ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት በበዓለ ኃምሳ ማግስት ነው።

ባሕረ ሐሳብን ከአባቴ የተማርኩት በልጅነቴ ነው፤ የዓመቱን አጽዋማትና በዓላት ቆጥሬ አወጣ ነበር። በሕይወቴ የመጀመሪያው ስሌት እሱ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንዲሉ፣ ወራቱን በገዛ እጄ ፈረንጅ አድርጌ ዓይኔ ሥር ያለውን ጾም ሳላየው ከረምኩ። አፈርኩ። ክኒን የለመደ በሽታ እንዲህ እየወጣ እንደማይወርድ እንኳ ማሰብ ነበረብኝ።

በማግስቱ ለሐኪሙ አሳየሁትና ወደ የኔታ ሄድኩ። ሁዳዴ በገባ በሦስተኛው ቀን ነው። ተማሪዎቻቸው ወዲያ ማዶ ያነበንባሉ።

«የኔታ፣ ክኒኑን ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ እንጂ!»

«የጠዋቷንም?»

«ምነው ልጄ! የቄስ ልጅ ሆነሽ በጾም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል ይቀመሳል ወይ? ከምግብ ጋር ይዋጡ ነው የተባልሁት። የማታዋን አንድ ቀን አላጎደልሁም።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

እውነታቸውን ነው። «ይወስዳሉ ወይ» ብለን ጠይቀናል፤ «እወስዳለሁ» ብለዋል።

«ሁለቱንም ከዘጠኝ ሰዓት ወዲህ አቀራርቤ ብውጣቸውስ?» አሉኝ። ሐኪሙ ሆድዎ አይችለውም እንዳለ ነገርኳቸው።

«ለታመመ ሰው ጾም ግዴታ እንዳልሆነ እርስዎ ያውቃሉ» አልኩ።

«ለስንቱ ፈቅጃለሁ። ለራሴ ሲሆን አፌ አልከፈት አለኝ።»

«አለዚያ አዲስ አበባ መሄድ ነው፣ የኔታ።»

እንደተናገርኩት ጸጸተኝ። ዓመቱን ሙሉ መውጫ አጣሁ እያልኩ ሳለቅስ፣ አንድን ሽማግሌ በቤታቸው ደጅ መውጫ አሳጣኋቸው። ወደ ተማሪዎቻቸው አዩና «ሸጋ» አሉ። «የጠዋቷን እውጣለሁ። ግን ጾሜን የሚይዝልኝ ሰው እሻለሁ። አንቺ እስከ ስንት ሰዓት ትጾሚያለሽ?»

ጠዋት ሁለት የምስር ሳምቡሳ በልቼ ነበር የመጣሁት። ለየኔታ ደግሞ አይዋሽም። ሥጋና ወተት ከመተው በቀር ሰዓት እንደማልጾም ተናገርኩ።

«እንግዲያ የእኔን ሰዓት አንቺ ያዢልኝ። እኔ ጠዋት ስበላ አንቺ አትበዪም።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

አባቴ ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «እንዲህ ያለ ሥርዓት የትም የለም» አለ።

«ልተወው?»

«ቃል ሰጥተሻል አይደል?»

ያን ሁዳዴ ላቦራቶሪው ውስጥ በባዶ ሆዴ ዋልኩ። ከፋሲካ በኋላ ደማቸውን መረመርኩ፤ ቁጥሩ እንደዚያ ወርዶ አያውቅም። ደግሜ፣ ሠልሼ አየሁትና ሮጬ ሄጄ ነገርኳቸው። አዲስ አበባ መሄዱ ቀረ።

«እንግዲህ ክኒኑ በቃኝ?» አሉ።

«የለም፣ የኔታ፣ እሱ የዕድሜ ልክ ነው።»

«እንግዲያ ያንቺም የዕድሜ ልክ ነው» ብለው ወደ ተማሪዎቻቸው ዞሩ።

ዛሬ ፍልሰታ ከገባ ሦስተኛው ቀን ነው። ሰዓቱ ገና ስድስት ተኩል ነው፤ ሆዴ ይጮኻል። መንገዱ ሰሞኑን ተከፍቷል፤ የሥልጠናውም ደብዳቤ እንደገና መጥቷል። የትም ብሄድ ግን በጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አልቀምስም። ከዚህ የምፈታው የኔታ የሞቱ ዕለት ነው። እንዳልፈታ እጸልያለሁ።