ውሃው ያልተሰማኝ ቀን

የደርግ ጊዜ ነበር። አምባሰል ተራራ ላይ ለእርዳታ ስንዴ እርከን ስንሠራ አንድ ትልቅ ድንጋይ ብድግ ሳደርግ ወገቤ ቀጭ አለ። ሰዎች ተሸክመው ሐይቅ ከተማ ዳር ካለው ቤታችን አደረሱኝ። አባቴ ወጌሻ ነው፤ ከውጫሌ ድረስ በሽተኛ በቃሬዛ ይመጣለታል። ታዲያ የገዛ ልጁን ለማን ይሰጣል? በሆዴ አስተኝቶ በቅቤ አሸኝ፤ በተረከዙም ረገጠኝ። እኔ ስጮኽ እሱ ይስቃል።

በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ድንገት ለቀቀኝ። አባቴ "አልሐምዱሊላህ!" አለና ጎረቤት ጠርቶ አሳየኝ። እኔም ጅሉ ደስ አለኝ። ለዙሁር ሶላት ልታጠብ ማንቆርቆሪያ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ውሃው መቀዝቀዙን እጄ ያውቃል፤ መቀመጫዬና ብልቴ ግን ምንም አልተሰማቸውም። ሽንቴም አልመጣ አለኝ። እንዲህ ያለውን ነውር ለአባቴ በምን አፌ ልንገረው? ዳነልኝ ብሎ ጎረቤት የጠራን ሰው ማሳፈርም ከበደኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ዝም አልሁ።

ሆዴ እንደ ከበሮ ሲነፋ እናቴ አየችና ጮኸች። ደሴ ሆስፒታል ሽንቴን በቱቦ አውጥተው ወደ አዲስ አበባ አጣደፉኝ። በደረስሁበት ቀን ጀርባዬን ቀደዱት።

"ከአከርካሪህ መሀል ሾልኮ የወጣ ቁራጭ ነርቮችህን ጨፍልቋቸው ነበር" አለኝ ሐኪሙ ስነቃ። "የደነዘዘህ ዕለት መምጣት ነበረብህ። እግርህ ተርፏል። ሽንትህን ግን እንጃ።"

ሽንቴን መቋጠር አቃተኝ። በሃያ ሦስት ዓመቴ እንደ ሕፃን ጨርቅ ታጥቄ ቀረሁ። አባቴ ግን በሽተኛ በመጣ ቁጥር ይጠራኝና ግቢው ውስጥ ያስኬደኛል። "አያችሁት? በእነዚህ እጆቼ ነው የተነሣ!" እጠላው ነበር። እየጠላሁትም እሄድለት ነበር።

አንድ ጊዜ ከአርዲቦ በኩል አንድ ገበሬ ወገቡን ታሞ መጣ። ሁለት ቀን ሲታሽ ሲያቃስት ሰነበተና በሦስተኛው ፊቱ ፈካ። ጠጋ ብዬ፣ "ስትታጠብ ውሃው ይሰማሃል?" አልሁት።

"ኧረ ምንም አይሰማኝ! ሕመሙም ጥሎኝ ሄዷል፣ አልሐምዱሊላህ።"

"ዛሬውኑ ደሴ ውሰዱት!" ብዬ ወንድሞቹ ላይ ጮኽሁ።

አባቴ ቅቤውን ከእሳት እያወረደ ቀና ብሎ አየኝ። "ተውት እሱን፤ ሽንቱን እንኳ የማይቋጥር ስለ ወገብ ምን ያውቃል?"

ወንድሞቹ ሳቁ። በሽተኛውም አብሯቸው ሳቀ። ከዚያ ወንድሞቹ ለአባቴ በሆዱ አስተኙለት።