ንጹሕ ተብሎ የተቀዳው ውሃ

ቤተ ሙከራው ውስጥ ሁሉም «ዳኛዋ» ነው የሚላት። ባክቴሪያን በመልኩ አትፈርድበትም፤ መልክማ ያታልላል፣ ሰውም ያው ነው ትላለች። ምስክር ትጠራበታለች። ቁስል የሚታጠብበትን ፈሳሽ ጠብ ስታደርግበት አረፋ ይደፍቃል ወይስ ዝም ይላል? የሚያድግበትን አረንጓዴ ምግብ ወደ ሰማያዊ ይለውጣል? መፈተሻ ወረቀቱን ወይን ጠጅ ያደርጋል? ምስክሮቹ ካልተስማሙ ስሙን አትናገርም። የሚያሾፉባት ሳይቀሩ ሲጨንቃቸው የሚሮጡት እሷው ዘንድ ነው።

ሰሞኑን ከባትሪ ፋብሪካው ቦይ የመጣ ጭቃ ይዛለች። እርሳስ የተቀላቀለበት ምግብ ላይ ትዘራውና መርዙን ችሎ የሚያድገውን ባክቴሪያ ትለያለች። ያልለመደው እዚያ ላይ አይበቅልም። ለማነጻጸሪያ ደግሞ ንጹሕ ውሃ ያስፈልጋል። እሷም ሁለት ጊዜ ሳታስብ ከእናቷ ጉድጓድ ቀድታ መጣች። የእናት ውሃ ንጹሕ አይደለም ብሎ የሚጠረጥር ማን አለ? ጉድጓዱ ከፋብሪካው በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ነፍሰ ጡሯ ታናሽ እህቷም መውለጃዋ እስኪደርስ እዚያው እናቷ ጋ ናት፤ የምትጠጣውም ያንኑ ነው።

የዘራችበትን ሳህን ስትከፍተው ንጹሕ ከተባለው ውሃ የወጣው ባክቴሪያ ጥቅጥቅ ብሎ በቅሏል። እጄ ነው የከዳኝ ብላ አዲስ ቀድታ፣ ጓንት ቀይራ ደገመችው። አሁንም በቀለ። ምስክሮቹን አንድ በአንድ ጠራች፤ መልሳቸው ከቦዩ ጭቃ ጋር ቁርጥ አንድ ሆነ።

አለቃዋ ጠርሙስ ተምታቶብሽ ነው፣ ውሃ ሽቅብ አይፈስም አላት። እሷን ያስፈራት ግን ይኸው ነበር። ሽቅብ ካልፈሰሰ፣ መርዙ ከፋብሪካው በፊትም እዚያው መሬት ውስጥ ነበር ማለት ነው። ውሃውን እርሳስ ወደሚለካበት ክፍል ላከችው፤ መልሱን መጠበቅ ግን አልሆነላትም። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ምስክር ሳይሟላላት ፈረደችና እናቷ ጋ ስልክ ደወለች። እህቷ ከጉድጓዱ እንዳትጠጣ፣ እንዳይበሰልበትም ነገረቻቸው። እናቷ ሳቀችባት።

«ምን ነካሽ ልጄ? ኩልል ያለ ውሃ እኮ ነው።»

«እማዬ፣ ቀልድ አይደለም። እርሳስ ሳይኖርበት አይቀርም። ጽንሱን ይጎዳዋል።»

ከእናቷ ጀርባ እህቷ ከማድጋው ስትቀዳ ይሰማል።

«ታዲያ አንቺን ያረገዝኩሽ ይኸንኑ እየጠጣሁ አይደል?» አለች እናቷ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ከአንቺ በፊት ያልተረፉልኝንም ልጆች።»

ዳኛዋ እስከዚያች ቀን ድረስ የበኩር ልጅ ነኝ ብላ ነበር የምታምነው።