ዋስ ይዤ የተከራየሁት ሞተር ጀልባ

ሹፌርነቴን የሚጠራጠር ሰው እስከ ዛሬም አይጥመኝም። ከከሚሴ ተነስቼ፣ በባቲ በኩል፣ ጭነት ይዤ አሰብ ስወርድና ስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። ጨፋ ላይ የቦርከና ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ሲሸፍነው እንኳ ጎማዬን በየት እንደማሳልፍ አውቃለሁ። በዚያ በጉብዝናዬ ዘመንማ መሪ ያለው ነገር ሁሉ የሚታዘዘኝ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ዓረፋን ካሳለፍን በኋላ እረፍት ወስጄ ሚስቴን ጅቡቲ ወሰድኳት። ከተጋባን ገና ዓመት አልሞላንም፤ እሷም ባሕር አይታ አታውቅም። ከአዲስ አበባ በባቡር ሄድንና የአባቴ ወዳጅ ቤት አረፍን። እኚህ ሰው የጨፋ ተወላጅ፣ ወደቡ ላይ ሲሠሩ ያረጁ ሐጂ ናቸው። «አካም ጅርታ!» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ደጃፋቸው ላይ ሲቀበሉን ከሚሴ ገበያ መሀል የቆምኩ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሚስቴ ፊት ለፊት የምትታየውን ደሴት አይታ፣ «እዚያ አትወስደኝም?» አለችኝ። ምን ገዶኝ! ሐጂን ይዘን ሞተር ጀልባ ወደሚያከራይ አንድ ዓረብ ሄድን። ሰውየው ከሁሉ በፊት የጀልባ መንጃ ፈቃድ ጠየቀኝ። የመኪናዬን አውጥቼ ሰጠሁት። ገልበጥ አድርጎ አየውና ሳቀ። «ይኼ ውሃ ላይ አይሠራም፤ ከፈለግህ የእኔ ሰው ይንዳልህ ይልሃል» ብለው ሐጂ ተረጎሙልኝ። ደሜ ፈላ። ሚስቴ ፊት ሌላ ሰው ሊነዳልኝ!

እኛ አገር ወረቀት ያጠረው ሰው ዋስ ይጠራል። ሥራ ስትቀጠር ዋስ፣ በሬ ስትገዛ ዋስ፣ ተጣልተህ ስትታረቅም ዋስ። «ሐጂ፣ ዋስ ይሁኑኝ» አልኳቸው። አላመነቱም። «የማን ልጅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አይዋሽም፣ አይሰርቅም፣ ኃላፊነቱ በእኔ» አሉ። ዓረቡ ያከብራቸው ነበርና እያቅማማ እሺ አለ። ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ የቡሽ ሰደርያም ለሁለታችን ሰጠን። ሚስቴ የሷን ደረቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ አሰረች። እኔ የኔን አጣጥፌ፣ መኪና ውስጥ ትራስ እንደማነጥፈው፣ ተቀመጥኩበት።

መንዳቱስ፣ ወላሂ፣ አማረብኝ! ሚስቴ ነፋሱ ሻሿን እንዳይወስድባት በእጇ ይዛ ትስቃለች። ደሴቷ ስትቀርብ ጊዜ፣ የሹፌር ነገር፣ ቤንዚን ልቆጥብ ብዬ ሞተሩን አጠፋሁት። የባቲን ቁልቁለት ስወርድ እንዲሁ ነበር የማደርገው፤ መኪናው በራሱ ይወርዳላ። ባሕር ደግሞ ምን ቁልቁለት አለው? ጀልባዋ ቀጥ አለች። ወዲያው ነፋሱ ጎኗን ይዞ ወደ ሰፊው ባሕር ይገፋት ጀመር።

የማስነሻውን ገመድ ብስብ ብስብ ሞተሩ ጭጭ። ደሴቷም ከተማውም እያነሱ ሄዱ። ማዕበሉ ጀልባዋ ውስጥ ሲረጭ ሚስቴ ሳቋን ተወች።

«ዋና ትችላለህ?» አለችኝ።

«አልችልም።»

የሰደርያዋን ማሰሪያ ዳግም አጠበቀች። ፈራሁ። ለራሴ አይደለም፤ የሰው ልጅ አምጥቼ ባሕር ላስበላት ነው ብዬ።

እጄ ግን ሥራውን ያውቃል። ከኪሴ በማትጠፋው መፍቻ ሞተሩን የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ፈታሁት፤ በቤንዚን ርሷል። በሸሚዜ ጠርጌ፣ እፍ እፍ ብዬ፣ መልሼ አሰርኩት። «ቢስሚላህ» ብዬ ገመዱን ሳብኩ። በሦስተኛው ተነሳ! አልሃምዱሊላህ!

ወደ ከተማው ዞረን መንገድ እንዳጋመስን አንዲት የዓሣ አጥማጅ ታንኳ አገኘችን። ላይዋ ላይ ሐጂ ቆመዋል፤ እስከ ደረታቸው ርሰዋል፣ ሲጣሩ ድምፃቸው ተዘግቷል። ስንርቅ ከዳር አይተው፣ ልብሳቸውን እንኳ ሳይሰበስቡ ውሃ ገብተው ታንኳዋ ላይ ወጥተው ነበር ለካ።

እኔ ግን ባሕሩ ዳር እንደደረስን ልቤ ተመልሶ አበጠ። «አዩ ሐጂ፣ አላሳፈርኩዎትም!» አልኳቸው።

ቀና ብለው አላዩኝም። የሚስቴን እጅ ይዘው ከጀልባዋ እያወረዷት ነበር።

«ለጠባይህ ነገም ዋስህ ነኝ፣ ልጄ» አሉ። «ለሷ ነፍስ ግን ማንን ዋስ ጠርተህ ነው የወሰድካት?»

የተቀመጥኩበትን ሰደርያ አንስቼ ከጀልባዋ ወረድኩ። ሚስቴ እስከ ቤት ድረስ የሐጂን እጅ እንደያዘች ሄደች፤ እኔ ከኋላቸው ተከተልኩ።