አርሊስ እናቱን የሸኘበት መዝሙር

አርሊስ ትሬንት ዘፋኝ ነው ከተባለ ዘፋኝ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ጊታሩን በአሮጌ ቫን ጭኖ ከቴነሲ እስከ ኦክላሆማ ተንከራቷል። በየአውራጃው ባዛር፣ በአሳማ ውድድርና በትራክተር ግጥሚያ መሀል በምትገኘው ክፍት ሰዓት እየወጣ ዘፍኗል። ሚስቱ መጠበቅ ሰልችቷት ሄደች። ጉልበቱ መድረክ ሲወጣ ይንቋቋል። ስሙን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ አንዲት ዘፈኑን ግን ሁሉም ያውቃታል፤ እሷን ሳይዘፍን የሚያስወርደው የለም። እሱን ደግሞ አንገፍግፋዋለች።

ዘፈኗ ስለ አባቱ ነች። ዶይል ትሬንት ከከሰል ማዕድኑ በተባረረ በሳምንቱ የቤቱን አንድያ ላም ነድቶ ሄዶ በውስኪ ለወጣት። ሲመለስ መንገድ ላይ ወድቆ ያለቅስ ስለነበር አርሊስና ታላቅ እህቱ ቨርና በከሰል ጋሪ ጎትተው ቤት አስገቡት። እኛ ሮክሊክ ሸለቆ ውስጥ ይህን ያልሰማ አልነበረም፤ የሚያወራውም አልነበረም። በኬንታኪ ተራሮች የሰው ገመና የሚከደነው እንዲያ ነው፣ ሁሉም እያወቀ ዝም ይላል። ይሄ የተረገመ ልጅ ግን ናሽቪል ወርዶ ዘፈነው። ላሟንም እንባውንም አንዲት ሳያስቀር ዘፈነው፤ አገር ምድሩም አለቀሰለት። ዶይል ዘፈኑን የሰማው ሱቅ ውስጥ፣ ሰው በተሰበሰበበት ነው። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ፤ ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሳይረግጥ ሞተ። ቨርናም ወንድሟን ማናገር ተወች።

እናታቸው ሎቲ ስትሞት ግን ደወለችለት።

«እማዬ አርፋለች» አለችው። «መዝሙሬን አርሊስ ይምራው ብላ ተናዝዛለች። እኔ ብሆን አልጠራህም ነበር።»

«እመጣለሁ» አለ። ስልኩ ቀድሞ ተዘግቶ ነበር።

ሮክሊክ ውስጥ መቃብር የሚቆፍረው ዘመድ ነው፤ ለቅጥር ሰው አይሰጥም። አርሊስ ከቫኑ ወርዶ ጉልበቱን እያሻሸ ኮረብታውን ሲወጣ የአጎቱ ልጅ ግራንቪል አካፋውን ተደግፎ ጠበቀው።

«ኧረ ኮከባችን ወረደልን! ማይክራፎን አላዘጋጀንልህም፣ መቼም ይቅር በለን።»

«አካፋ አቀብለኝ፣ ግራንቪል።»

«ትችላለህ እንዴ? ኋላ ጣትህ ቢቆስል አገር ያዝንብናል።»

«እንደ አፍህ እጅህም ቢሠራ እስካሁን ጨርሰህ ነበር።»

ሰዎቹ ሳቁ፣ አካፋውንም ሰጡት። አርሊስ ወገቡ እስኪቆረጥ ቆፈረ። ድካሙ የዚያን ቀን ብቻ አልነበረም፤ ከየመንገዱ፣ ከየርካሽ ሆቴሉ አብሮት የመጣ ነው። ከድካሙ በላይ ግን ፍርሃት ይዞታል። እኛ ዘንድ ሲዘመር ጊታር የለም፣ ፒያኖ የለም። መሪው አንድ መስመር ይሰጣል፣ ጉባኤው ያንኑ ተቀብሎ ዝግ እያለ ያዜመዋል። ሕዝቡ ካልተቀበለ መሪው ብቻውን ተገትሮ ይቀራል፣ እናትም ያለ መዝሙር አፈር ትገባለች። የአባቱን ገመና አደባባይ ላወጣ ልጅ ማን ይቀበለዋል? አርሊስ ይህንን እያሰበ ነው የቆፈረው።

ሳጥኑ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሲቀመጥ ሽማግሌው ሰባኪ፣ ወንድም ኤልዊን፣ ትንሿን የመዝሙር መጽሐፍ አቀበሉት።

«ምራን፣ ወንድም አርሊስ።»

እውነቱን ለመናገር የመጀመሪያውን መስመር አሳምሮ ዘመረው። ድምፁን ወደ ላይ ሰቀለ፣ መጨረሻው ላይ አንቀጠቀጠው፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ በየባዛሩ ሰው የሚያስለቅስባትን ሲቃም ጨመረበት። ከዚያ ጠበቀ።

ማንም አልተቀበለም።

ዓይኑን ሲገልጥ ቨርና መሬት መሬት ታያለች። ግራንቪል ባርኔጣውን በእጁ ያገላብጣል። አርሊስ የሳጥኑን ጠርዝ ያዘ።

«ስለ አባዬ ከሆነ» አለ፣ «እኔን ቅጡኝ እንጂ እሷን አትቅጧት። ሌላ ሰው ይምራ፣ እኔ እሄዳለሁ።»

ወንድም ኤልዊን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ስለ ዶይል አይደለም ልጄ። ሁሉን አንተው ጨረስከው፣ ለኛ ምን ተረፈን? መስመሩን ስጠን እንጂ አትዝፈንልን። አያትህ ሲመሩ መስመሩን እንዴት ይሰጡ እንደነበር ጠፋህ?»

ጠፍቶት ነበር። መሪ ቃሉን ያለ ጌጥ፣ ከአጥር ማዶ ጎረቤቱን እንደሚጣራ ሰው ጣል ያደርገዋል፤ ማሳመሩ የሕዝቡ ፈንታ ነው። ይህንን እዚያው ኮረብታ ላይ በልጅነቱ ሲሰማ አድጓል፤ መድረክ ግን ሁሉን ለብቻ መብላት አስለምዶታል።

እንደገና ጀመረ። የመድረኩን ድምፅ ሲተው የቀረው ሻካራ፣ የዛለ የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ባዛር ላይ ቢሆን ሰው ጥሎት ይሄድ ነበር። መስመሩን ሰጥቶ ዝም አለ።

አንድ ቀጭን የሴት ድምፅ ተነሳ። ቨርና ነበረች። ቀና ብላ አላየችውም፣ ግን ተቀበለች። ግራንቪል ተከተላት፤ ከዚያ ጉባኤው በሙሉ፣ ሁሉም በየራሱ መንገድ እየጎተተ አነሳው። አርሊስም አብሯቸው ዘመረ፤ የራሱን ድምፅ ከሌላው ለይቶ መስማት አልቻለም። ለዓመታት ለእንግዳ ሰው ሲያለቅስ የኖረ ሰው ያኔ ለእናቱ አለቀሰ።

ከቀብር መልስ ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ቦሎቄ፣ የበቆሎ ዳቦና የተጠበሰ ዶሮ ቀርቦ ነበር። አርሊስ ዳር ላይ ብቻውን ተቀመጠ። ቨርና ሰሃን ሞልታ አምጥታ ፊቱ አስቀመጠችለት።

«ስለተቀበልሽኝ አመሰግናለሁ» አላት።

«ለእማዬ ነው።»

«አውቃለሁ።»

ልትሄድ ዞረችና ቆመች። «ያቺን ዘፈን አሁንም ትዘፍናታለህ?»

«ቅዳሜ ሥራ አለኝ። እሷን ብለው ነው የሚመጡት።»

«ታዲያ አባዬ መቼ ነው የሚያርፈው፣ አርሊስ?»

ማንኪያውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። ሊከራከራት፣ ያኔ ልጅ ነበርኩ ሊላት አሰበ፤ አቅም አጣ።

«ሌላ ዘፈን እኮ የለኝም፣ ቨርና።»

አየችው፤ ሽበቱን፣ ያበጠ ጉልበቱን፣ አካፋ የላጠው መዳፉን። ከዚያ ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«አውቃለሁ» አለችው። «በል ብላ።»